ለመጀመሪያ ጊዜ ትራክ ለሚገቡ፦ ገንዘባችሁ ከሞተሩ በፊት ለፍሬኑ ይዋል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በሰሜን ቨርጂኒያ በመኪና ጥገና ሙያ የምተዳደር የጋዜጣችሁ የቆየ አንባቢ ነኝ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከሚኖሩ ወጣቶቻችን መካከል የገዛ መኪናቸውን ይዘው በዌስት ቨርጂኒያ ወደሚገኘው የሰሚት ፖይንት ትራክ (የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ) ለመሄድ የሚመዘገቡ እየበዙ መምጣታቸውን በሥራዬ አጋጣሚ አያለሁ። በበኩሌ ደስ የሚያሰኘኝ ነገር ነው። ሆኖም ለዚያ ቀን ለመዘጋጀት መኪናቸውን ወደ ጋራዥ ሲያመጡ አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ሞተር ጉልበት ነው፤ ጭስ ማውጫው ይቀየር፣ የአየር ማስገቢያው ይስፋ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር እንደገና ይስተካከል ይላሉ። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ሲጠየቁ ግን መልስ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ለመጀመሪያ የትራክ ቀን የሚወጣው ገንዘብና ድካም መዋል ያለበት በቅድሚያ መኪናውን በሚያቆመው ክፍል ላይ፣ ቀጥሎም በሾፌሩ ላይ መሆኑን ለማስረዳት ነው። የሞተሩ ጉልበት ከፋብሪካ እንደወጣ ቢቀር ጀማሪውን ለረጅም ጊዜ አያንሰውም።

ልጃቸው «ትራክ ልሄድ ነው» ሲላቸው የሚደነግጡ ወላጆች አንድ ነገር ቢያውቁ ይረጋጋሉ ብዬ አምናለሁ፤ የትራክ ቀን ውድድር አይደለም። አሸናፊም ሽልማትም የለውም። አዘጋጁ ክለብ ተመዝጋቢዎችን በልምዳቸው ከፋፍሎ በየተራ ያስገባል፤ አንዱ ምድብ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሲነዳ ሌላው ክፍል ገብቶ ይማራል ወይም ያርፋል፤ በዚህ አኳኋን ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አራት ያህል ተራ ይደርሰዋል። ለጀማሪ በቀኝ ወንበር ላይ አስተማሪ ይቀመጥለታል። በጀማሪዎች ምድብ መቅደም የሚፈቀደው በተወሰኑ ቀጥ ያሉ ቦታዎች ብቻ ሲሆን፣ ያውም ከፊት ያለው ሾፌር እጁን በመስኮት አውጥቶ በየትኛው ጎን እንደሚታለፍ ካመለከተ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ዓርብ ማታ በ495 ቀለበት መንገድ ላይ ከሚታየው ይልቅ ትራክ ላይ የሚታየው ጨዋነት ይበልጣል።

ፍጥነት የሚወድ ወጣት ይህንን ፍላጎቱን በአውራ ጎዳና ላይ ልወጣ ቢል የሚጠብቀውን ደግሞ ሕጉ በግልጽ አስቀምጦታል። በቨርጂኒያ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ የመንገዱ የፍጥነት ገደብ ምንም ይሁን ምን፣ በግዴለሽነት ማሽከርከር ተብሎ ያስከስሳል፤ ቅጣቱም እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊደርስ ይችላል። ይህ ከፍለው የሚገላገሉት የትራፊክ ወረቀት ሳይሆን ወንጀል ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ወይም የዜግነት ማመልከቻው ገና በሂደት ላይ ላለ ሰው የወንጀል መዝገብ ምን ማለት እንደሆነ ለጋዜጣችሁ አንባቢዎች መዘርዘር አያስፈልገኝም።

ወደ ዝግጅቱ ልግባ። የሰሚት ፖይንት ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባዎች አሉት፤ ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይርቃል። ለጀማሪ ከሌሎች የሚመረጥበት ምክንያት ቅርበቱ ብቻ አይደለም፤ ኩርባዎቹ በአንድ ቀን ተለይተው ሊታወቁና ሊታወሱ የሚችሉ ናቸው። በ1957 ተከፍቶ፣ በ1974 ተዘግቶ፣ በ2000 እንደገና ሥራ የጀመረው የቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ውበቱ የታወቀ ቢሆንም ሙሉ ዙሩ 3.27 ማይል ከመሆኑም በላይ ዳገትና ቁልቁለቱ ብዙ ስለሆነ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው ጊዜ ቢቆይ ይሻላል። በጀርመን፣ በተለይ በፍራንክፈርት አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችን በ1927 ስለተከፈተው ስለ ኑርቡርግሪንግ አንስተው ሲያወጉ ወጣቶቻችን ልባቸው ይሸፍታል። ሰሜናዊው ዙር ብቻውን ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ሰዓታት የሚታየውም ክፍያ እንደሚጠየቅበት የሕዝብ መንገድ ስለሆነ የጀርመን የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል፤ አጠገብ የሚቀመጥ አስተማሪ የለም፤ የብረት አጥሩን የገጨ ሰው የማስጠገኛውን ሒሳብ ይከፍላል። ለመጀመሪያ ትምህርት የሚሆን ቦታ አይደለም።

አሁን ስለ ፍሬን። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ዓባይ በረሃን የወረደ አንባቢ የምለውን ቶሎ ይረዳኛል። መንገዱ እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ነባር የጭነት መኪና ሾፌሮችም ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ማርሽ ቀንሰው መኪናውን በሞተሩ እየያዙ የሚወርዱት፣ ፍሬን ያለማቋረጥ ከተረገጠ ግሎ እንደሚከዳ ስለሚያውቁ ነው። ትራክ ላይ የሚደርሰው ሙቀት ከዚያ የሚለየው በአመጣጡ ነው። በሰሚት ፖይንት ረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ ላይ መጠነኛ ጉልበት ያለው መኪና እንኳ በሰዓት ወደ 100 ማይል ሊጠጋ ይችላል፤ ከዚያ ለመጀመሪያው ኩርባ አጥብቆ መያዝ ግድ ይላል። የመኪናው የእንቅስቃሴ ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚጨምር፣ በ100 ማይል የሚሄድ መኪና በ50 ማይል ከሚሄደው አራት እጥፍ ጉልበት ይዟል፤ ያንን ሁሉ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ሸራውና ዲስኩ ነው። ለሥራ ሲመላለሱ ፍሬኑ በሁለት መብራቶች መካከል ለመቀዝቀዝ ጊዜ ያገኛል። ትራክ ላይ ግን ዲስኩ ሳይበርድ ሌላ ኩርባ ይመጣል፤ ዙሩም ደግሞ ይደገማል።

ሙቀቱ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያስከትላል፤ ልዩነታቸውን ማወቅ ደግሞ ሕይወት ያድናል። የመጀመሪያው የሸራው መድከም ነው፤ ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንክሮ እግር ላይ ይሰማል፣ ነገር ግን መኪናው አይቆምም፤ የሸራው ቅመም ከሚችለው ሙቀት በላይ ሄዷል ማለት ነው። ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ መፍላት ነው፤ ዘይቱ ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ደግሞ እንደ ፈሳሽ ግፊት አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ፔዳሉ ልፍስፍስ ብሎ ወደ ወለሉ ይወርዳል። የፍሬን ዘይት በባሕርይው ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ዝቅ ይላል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ እርጥበት ሲጠጣ 155 ነው። ለትራክ ተብለው የሚሸጡት ዘይቶች ከ300 ዲግሪ በላይ የሚችሉ አሉ። በመኪናው ውስጥ ለዓመታት የከረመ ዘይት ለሥራ መመላለሻ ችግሩ ሳይታወቅ ይቆይና የመጀመሪያው ተራ ሳያልቅ ያጋልጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ጥሩ ዶት 4 ወይም ከዚያ የተሻለ ዘይት ገዝቶ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ማስወጣትና በየጎማው ካለው መስመር ውስጥ አየሩን ማስለቀቅ ነው። ብዙ አዘጋጆች ዘይቱ ከ6 ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የተቀየረ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ከዚህም ያጠረ ጊዜ ያስቀምጣሉ። ዶት 5 የሚባለው ግን ከሲሊኮን የተሠራ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም፤ ቁጥሩ ከፍ ስላለ የተሻለ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ሸራው ቢያንስ ግማሹ ያልተበላ ይሁን፤ ዲስኩ ላይ እስከ ጠርዙ የደረሰ ስንጥቅ ካለ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ አንድ የሚያምር ጭስ ማውጫ ከሚጠይቀው በእጅጉ ያንሳል።

ጎማም እንደ ፍሬን ነው፤ ሰው የሚያየው ጥርሱን ብቻ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ምልክቶች መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ያረጀ ጎማ ላስቲኩ ደርቆ መሬት አይዝም፤ ያገለገለ ጎማ በርካሽ ገዝቶ ለትራክ ማሰር እኔ አልመክርም። ልዩ የውድድር ጎማ ደግሞ ለጀማሪ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል፤ ደህና የመንገድ ጎማ ሊንሸራተት ሲል አስቀድሞ ይጮኻል፣ ሾፌሩም ያንን ድምፅ መስማት ይማራል። ነፋሱ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። ከአንድ ተራ በኋላ ሲለካ ከ6 እስከ 10 ፒኤስአይ ጨምሮ ቢገኝ አያስደንግጥ፤ ሙቀቱ ያመጣው ነው። ከመጠን በላይ ሆኖ ሲገኝ በጥቂት በጥቂቱ እየቀነሱ መሄድ የሚገባውም ከአስተማሪው ጋር ተማክሮ ነው።

የጎማ ብሎን የሚጠብቅበት መጠን ለእያንዳንዱ መኪና ተወስኗል፤ ለምሳሌ ለብዙዎቹ የቶዮታ ኮሮላ ሞዴሎች 103 ኒውተን ሜትር ነው። በእግር እየረገጡ ወይም በአየር መፍቻ እስኪጮኽ ድረስ ማጥበቅ ብሎኑን ያስረዝመዋል፣ ዲስኩንም ሊያጣምም ይችላል። መጠኑን የሚያሳይ ቁልፍ ይዞ መሄድና ከመጀመሪያው ተራ በኋላ ጎማው በረድ ሲል ደግሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ ኩሺኔታው እንዳይጮኽ፣ ቴስቲናው እንዳይላላ፣ ባትሪው በማሰሪያው እንዲጠብቅ፣ ዘይትና ውኃ እንዳያንጠባጥብ ማየት ነው። የሞተር ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላ፤ በረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ የጎደለው ሞተር ለአፍታ ያለ ቅባት ሊቀር ይችላል።

መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ይውጣ። ወለል ላይ ያለ ምንጣፍ፣ ወንበር ሥር የተረሳ የውኃ ጠርሙስ፣ የልጅ መቀመጫ፣ የስልክ ማንጠልጠያ፤ ጠርሙስ ተንከባሎ ፍሬን ፔዳል ሥር ቢገባ ምን እንደሚሆን ማሰብ ቀላል ነው። በስፖኪዮው ላይ የሚንጠለጠለው መስቀልና መቁጠሪያም ለዚያ ቀን ቢወርድ እምነት ማጉደል አይሆንም፤ በኪስ ወይም በአንገት ሊያዝ ይችላል።

ከሁሉ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ግን የትኛው መኪና ይሂድ የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ በማኅበረሰባችን ውስጥ ብዙም የማይነገር ነገር አለ። ከእኛ መካከል ብዙው ሰው መኪናው እንጀራው ነው። በታክሲ፣ በኡበርና በሊፍት ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ያንኑ መኪና ትራክ ይዞ ሲሄድ፣ ቢበላሽበት ሰኞ የሚሠራበት እንደሌለው አስቀድሞ ይወቅ። ብዙ የመኪና ኢንሹራንስ ውሎች በትራክ ላይ የሚደርስን ጉዳት አይሸፍኑም፤ ስለዚህ ውሉን አንብቦ፣ ለአንድ ቀን ብቻ የሚሸጠውን የትራክ ኢንሹራንስ ዋጋ ጠይቆ፣ የመኪናው ብድር ገና ያላለቀ ከሆነም ቀሪውን ዕዳ አስቦ መወሰን ይገባል። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፤ መኪናው ዛሬ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የቤት ኪራይ የሚቸግረው ሰው በዚያ መኪና ትራክ አይግባ። ከፍ ብለው የተሠሩ የቤተሰብ መኪኖችንም፣ እንደ ራቭ4 ያሉትን፣ በመገልበጥ ስጋት ምክንያት ብዙ ክለቦች አይቀበሉም፤ ጣሪያቸው የሚከፈት መኪኖችም ሲገለበጡ ተሳፋሪውን የሚጠብቅ ብረት ከሌላቸው ሊመለሱ ይችላሉ። ሳይጠይቁ ክፍያ መፈጸም አያስፈልግም።

ስለ ራስ ቁር አንድ ነገር ልበል። የራስ ቁር ደረጃ የሚያወጣው ስኔል የተባለው ድርጅት የተቋቋመው በ1957 ሲሆን፣ ምክንያቱም ከአንድ ዓመት በፊት ፒት ስኔል የተባለ ተወዳዳሪ በዘመኑ የራስ ቁር ሊያድነው ባልቻለ አደጋ መሞቱ ነው። ድርጅቱ ለመኪና የሚሰጠው ደረጃ ኤስኤ ተብሎ ከዓመት ጋር ይጻፋል፣ ለምሳሌ ኤስኤ 2020፤ ለሞተር ብስክሌት የሚሰጠው ኤም ይባላል። ኤስኤ የሚል ምልክት ያለው እሳት የመቋቋም ፈተና ያለፈ ሲሆን፣ ለሞተር ብስክሌት የተሠራው ይህ ፈተና የለበትም፤ ስለዚህ ከጓደኛ ሞተር ብስክሌት ላይ ተውሶ የሚመጣ ቁር በምርመራው ቦታ ሊመለስ ይችላል። ብዙ ክለቦች በጥቂት ገንዘብ ያከራያሉ። ልብሱ ከጥጥ የተሠራ፣ እጅጌውና ሱሪው ረጅም ይሁን፤ ናይለን ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ጫማው ሽፍንና ስስ ሶል ያለው ቢሆን እግር የፍሬኑን ግፊት ይለያል።

ሰውነትም እንደ መኪናው ይዘጋጃል። ዓርብ ማታ እስከ ሌሊት ሠርቶ ቅዳሜ ከንጋት በፊት ተነስቶ የሚሄድ ሰው ከሰዓት በኋላ ትኩረቱ ያልቃል፤ ዋዜማውን ማረፍ የዝግጅቱ ክፍል ነው። የትራክ ወቅት በሚከፈትበት በጸደይ ዓቢይ ጾም ይገኛል፣ ረመዳንም በዓመቱ ውስጥ እየዞረ ይመጣል። ሙቀት ባለበት መኪና ውስጥ ቁር አጥልቆ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መንዳት አደገኛ ስለሆነ፣ የሚጾም ሰው ጾሙን ሳይነካ ሌላ ቀን ቢመርጥ ነው የሚሻለው፤ ክለቦቹ ከጸደይ እስከ መኸር ብዙ ቀናት ያዘጋጃሉ።

ጠዋት የሚደረገውን ስብሰባ መቅረት አይቻልም፤ የባንዲራዎቹ ትርጉም የሚነገረው እዚያ ነው። ቢጫ አደጋ አለ፣ ቀንስ፣ አትቅደም ማለት ነው፤ ቀይ ሲወጣ በኋላ ያለውን በስፖኪዮ አይቶ፣ በዝግታ ጠርዝ ይዞ መቆም ነው፤ ጥቁር ወደ ፒት (ከትራኩ ጎን መኪኖች ወደሚቆሙበት ቦታ) ግባ ይላል፤ ሰማያዊ በቢጫ መስመር የተሻገረው ደግሞ ከኋላህ የሚፈጥን አለ ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ትከሻ ከወንበሩ ሳይለቅ የእጅ አንጓ የመሪውን ጫፍ እንዲነካ፣ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ሲረገጥም ጉልበት በመጠኑ እንዲታጠፍ አድርጎ ማስተካከል ነው። የመኪናው የመንሸራተት መከላከያ ሳይጠፋ ይቆይ። ፍሬን በቀጥታው ላይ አስቀድሞ ይያዝና ኩርባው ውስጥ መለቀቅ ይጀምር፤ ዓይን ደግሞ ከመኪናው አፍንጫ ሳይሆን መኪናው ሊደርስበት ከሚገባው ቦታ ላይ ይሁን። ሁለት ጎማ ከአስፋልቱ ከወጣ መሪውን ነቅሎ ለመመለስ መሞከር መኪናውን ወደ ተቃራኒው ጎን ይወረውረዋል፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ነዳጁን ቀስ ብሎ እየለቀቁ መቆየት ይሻላል። መኪናው መሽከርከር ከጀመረ ፍሪሲዮንና ፍሬን አንድ ላይ ይረገጡ። አስተማሪው የሚለው ሁሉ ሳይከራከሩ ይፈጸም፤ ክርክሩ ፒት ውስጥ ይደርሳል።

የተራው መጨረሻ ዙር ፍሬን በተቻለ መጠን ሳይነካ በዝግታ የሚነዳው ዲስኩ እንዲበርድ ነው። ፒት ሲደርሱ የእጅ ፍሬን አይጎተት፤ የጋለ ሸራ ዲስኩን ጨምቆ ሲቆም ሊጣበቅና ዲስኩን ሊያበላሽ ይችላል። ማርሽ ውስጥ ትቶ ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ ይበቃል። ኮፋኖውንም ከፍቶ የሙቀቱን ሽታ መመልከት፣ የዘይቱን ልክ ማየት፣ በጎማው ጎን ላይ የተቆረጠ ወይም ያበጠ መኖሩን መዳሰስ ልማድ ይሁን። ድካም የተሰማው ሰው የመጨረሻውን ተራ ቢተው ገንዘቡ አልባከነም፤ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው ሰው ደክሞት ሳለ ችሎታው የጨመረ ሲመስለው በመጨረሻው ሰዓት ላይ ነው።

በዚያው መኪና ወደ ቤት የሚመለስ ሰው ደግሞ የጎማውን ነፋስ በበሩ ላይ ወደተጻፈው ልክ ይመልስ፣ የብሎኖቹን መጥበቅና የሸራውን ውፍረት እንደገና ይይ፣ ፔዳሉ ልፍስፍስ ካለም ሳይነዳ ያስጭን። በሰዓት 100 ማይል ሲነዳ ለዋለ ዓይን 65 ማይል ቆሞ እንደመሄድ ነው የሚመስለው፤ ቨርጂኒያ እንደገቡ ከግምት ይልቅ የፍጥነት መለኪያውን ማየት ይጠይቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኪና ጥገና ባለሙያ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ